መሪው በእጄ፣ ጉልበቱ ከኋላዬ

ባለቤቴ ጌታሁን የዓይኑን ብርሃን ጨርሶ ያጣው፣ ዓለም ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት በዚያ የኮሮና ወቅት ነው። ሕመሙ ድንገተኛ አልነበረም። ግላኮማ ይሉታል፤ የዓይን ግፊት ነው። ለዓመታት ከዳር ከዳር እየሸረፈ ሲወስድበት ቆየ። መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን፣ ቀጥሎ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳበትን ሥራ፣ በመጨረሻም የልጃችንን ፊት ወሰደበት።

እኔ ሰናይት እባላለሁ። የምንኖረው ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ያኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ መንከባከብ ነው፤ ማስነሳት፣ ማልበስ፣ ማጉረስ እችልበታለሁ። የራሴ ባል ዓይኑን ሲያጣም የማውቀውን ሁሉ አደረግሁለት። ሸሚዙን ቆለፍኩለት፣ ሥጋውን ቆራርጬ አቀረብኩለት፣ ሰው ሲያናግረውም ቀድሜ መለስኩለት። እሱ ደግሞ ቀን በቀን እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

ጌትዬ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። የባሕር ዳር ልጅ ነው። «እኛ አገር ሰው ዳዴ ሳይል ብስክሌት ይነዳል» እያለ ያስቀን ነበር። እዚህም ከመጣ በኋላ በየሰመሩ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤሪ ሐይቅ ይወጣ ነበር። ማርብልሄድ የሚባል ባሕረ ገብ መሬት አለ፤ በሦስት ወገን ውሃ የከበበው፣ የኮክና የፖም እርሻ፣ የወይን ተክልና የድንጋይ ካባ ያለበት የገጠር አገር ነው። ጫፉ ላይ ለመርከቦች መብራት የሚያሳይ የቆየ የድንጋይ ማማ ቆሟል። ከዚያ ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ተጠብሶ፣ ሻንጣው በኮክ ተሞልቶ ነበር የሚገባው። መንገዱን እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል።

ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ግን ሳሎን ካለው ሶፋ አልነሳም አለ። ቸርች በዙም ነበር። ሽማግሌዎቹ በየሳምንቱ ስሙን እየጠሩ ይጸልዩለታል። አንድ እሑድ በመሃል፣ «አጥፊው» አለኝ።

«ለምን? ላንተ እኮ ነው የሚጸልዩት» አልኩት።

«ለዓይኔ ነው የሚጸልዩት። እኔን ማንም አላናገረኝም» አለ። ቀጥሎም፣ «ሰኒ፣ እኔ እኮ አሁን ዕቃ ነኝ። ያስቀመጥሽኝ ቦታ እቀመጣለሁ» አለኝ።

ይህን ያለው ሳይቆጣ፣ ሳያለቅስ ነው። እንደ ዋዛ ነው የተናገረው። እኔን ግን ወገቤን ቆረጠኝ።

ልጃችን ርብቃ ኮሌጅ ትማር ነበር፤ ትምህርቱ ኦንላይን ስለሆነ ቤት ነበረች። ያን ሰሞን ስልኳን ይዛ ኩሽና ገባች። «ማሚ፣ ዩ ሃቭ ቱ ሲ ዚስ» አለችና አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሁለት ሰው በአንድ ብስክሌት ላይ ፊትና ኋላ ተቀምጠው ይነዳሉ። የኋለኛው ዓይነ ስውር ነው። ብስክሌቱን ታንደም ይሉታል። የፊተኛው መሪውን ይይዛል፣ ሁለቱም ይረግጣሉ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። «ግን ፊት የሚቀመጠው ማነው?»

«ዩ!» አለችኝ።

ሳቅሁ። ብስክሌት በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ብስክሌት የሚከራዩት ወንዶቹ ናቸው፤ እኛ ቆመን እናያለን። በዚያ ላይ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ወገቤም ከሰው ማንሳት የተነሳ ያመኛል። ርብቃ ግን አልሳቀችም። «ማሚ፣ አይም ሲሪየስ» አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አባቷን ያየሁ መሰለኝ። እልኸኝነቷ የእሱ ነው።

የተማርኩት በቸርቻችን ፓርኪንግ ሎት ነው። ሰው ስለሌለበት አውላላ ሜዳ ሆኗል። ርብቃ ከጎረቤት የተዋሰችውን ብስክሌት ከኋላ ይዛ ትሮጣለች፤ «ሉክ አፕ፣ ማሚ! መሬቱን አትይ!» እያለች ትጮኻለች። ወደቅሁ። እንደገና ወደቅሁ። የፓስተራችን ባለቤት አንድ ቀን ለጉዳይ መጥታ የመብራት ምሰሶ አቅፌ ስታገኘኝ፣ «እህት ሰናይት፣ ምን ነካሽ?» ብላ ደንግጣ ለጸሎት እጇን ልትጭንብኝ ምንም አልቀራት። በኋላ መንዳት ስጀምር መኪና ወደማይበዛባቸው የሚነርቫ ፓርክ መንገዶች ተሻገርን። የመጀመሪያውን ሙሉ ዙር ብቻዬን ዞሬ ስመለስ ርብቃ አስፋልቱ ላይ ትዘል ነበር። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ጠዋት ከነበረችው ሴት የረዘምኩ መሰለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጌትዬ አያውቅም ብለን ነበር። አንድ ቀን ብስክሌቱን ቀስ ብዬ እየገፋሁ የቤታችን ጋራዥ ስገባ በሩ ላይ ቆሟል።

«የኋላው ጎማ ንፋስ ጎድሎታል» አለ።

ብስክሌቱን አቆምኩ። «እንዴት አወቅህ?»

«ድምፁን አልሰማም እንዴ? ለስንት ሳምንት ነው በዚህ ጎማ የምትሰቃዪው? ፓምፑ መደርደሪያው ሥር ነው፤ አምጪው።» ጎንበስ ብሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና ይነፋ ጀመር። ለወራት ያላየሁት ነገር ነበር፤ ባሌ የሆነ ነገር ሲሠራ።

ታንደሙን ቤክስሊ ከሚኖሩ፣ እርጅና ከብስክሌት ካወረዳቸው ባልና ሚስት አገኘን። ሐሳባችንን ስንነግረው ግን ጌትዬ ፊቱ ጠቆረ። «እንደ ሕፃን ኋላ አዝላችሁኝ ልትዞሩ?» አለና ወደ ሶፋው ተመለሰ። ለወራት ለመንነው፤ ነጭ በትር ይዞ መሄድ ወደሚያስተምሩበት ማዕከል እንዲሄድም ወተወትነው። በመጨረሻ፣ ሰልችቶት ይሁን እኛን ዝም ሊያሰኝ፣ በአለም ክሪክ ወንዝ ዳር ባለው የብስክሌት መንገድ ጥቂት ጊዜ አብሮኝ ወጣ። ወጣ እንጂ ልቡ አልወጣም። ብዙም አይረግጥም፤ አይናገርም።

በ2021 ሰመር ማለቂያ ላይ ግን እራት ላይ እንዲህ አለን፦ «አንድ ቀን ብቻ እሄዳለሁ። ማርብልሄድ። በደቡብ በኩል ካለው ባሕረ ሰላጤ ዳር ተነስተን ጫፍ ላይ እስካለው ማማ። ከደረስን ደረስን። መኪና ጭኖን ከተመለስን ግን ስለ ብስክሌት፣ ስለ ዓይነ ስውራን ሥልጠና፣ ስለ ነጭ በትር ዳግመኛ አታንሱብኝ። ተስማምተናል?»

ርብቃ «ዲል!» ብላ ጮኸች። እኔ ሳህኖቹን እያነሳሁ አሰብኩ። ረጅሙን መንገድ የመረጠው እንድንደርስ ነው ወይስ እንዳንደርስ? ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ መልሱን ማወቅ አልቻልኩም።

በሴፕቴምበር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ርብቃ ነድታ ወሰደችን። ፀሐዩ ሞቅ ያለ፣ ሰማዩ የጠራ ነበር። ባሕረ ሰላጤው ዳር አውርዳን፣ «ማማው ጋ እጠብቃችኋለሁ» ብላ ሄደች። መኪናዋ ከዓይኔ ስትሰወር መሪውን ጨብጬ ያዝኩ።

«ዝግጁ ነሽ?» አለኝ ከኋላዬ።

«ነኝ» ብዬ ዋሸሁ።

መንገዱ ጠባብ ነው። በቀኛችን ውሃው፣ በግራችን እርሻና አልፎ አልፎ የበጋ ቤቶች። የመጀመሪያው ክፍል ቀላል ነበር። እንደተለማመድነው «ጉብታ!» «ወደ ግራ!» «ፍሬን!» እያልኩ እናገራለሁ። እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ድንገት፣ «ምን ይታይሻል?» አለኝ።

«ውሃ።»

«ውሃማ ውሃ ነው። ምን ዓይነት ውሃ?»

እንደዚያ ተጠይቄ አላውቅም። «የተወለወለ የድስት ክዳን ይመስላል» አልኩት።

ሳቀ። ከልቡ ሳቀ! ብስክሌቱ በሳቁ ሲወዛወዝ ተሰማኝ። «ማዶ የመዝናኛ ፓርኩ ሮለር ኮስተር ይታያል?»

«አዎ። እንደተጠማዘዘ ሽቦ ሆኖ ይታያል።»

«እንግዲያው ቅርብ ነን። አሁን በግራሽ ወይን ይመጣል።»

ታጥፈን እንዳለፍን የወይኑ ተክል በግራ በኩል ተዘረጋ። «መጣ! ጌትዬ፣ እውነትህን ነው!»

«ፍሬው ጠቁሯል ወይስ ገና ነው?»

«ጠቁሯል። መረብ አልብሰውታል።»

«ለወፎቹ ነው» አለ፤ ከዚያም መርገጥ ጀመረ። እስከዚያ ድረስ እግሩን ከፔዳሉ ጋር ያዞር ነበር እንጂ አይረግጥም ነበር። አሁን ብስክሌቱ ከሥሬ ተስፈንጥሮ ወደፊት ሄደ። ረጅም እግር ያለው ነጭ ወፍ ከሸምበቆው ውስጥ ሲነሳ ነገርኩት። በር ላይ የተቀመጠ የኮክ ቅርጫት ነገርኩት። ከጀልባ ላይ እጁን ያወዛወዘልንን ሰው ነገርኩትና እሱም እጁን አወዛወዘ። ሰውዬው በግራ በኩል ያለ መስሎት ወደ እርሻው ነበር ያወዛወዘው። «በቀኝ ነው፣ በቀኝ!» ስለው ሁለታችንም ሳቅን። ያን ሰዓት እንደርሳለን ብዬ አመንኩ።

መጀመሪያ ያወቀው እሱ ነው። «ንፋሱ ዞረ» አለኝ።

«የቱ ንፋስ?»

«ጉንጬ ላይ ነበር፤ አሁን ፊት ለፊት ሆኗል። ከምሥራቅ፣ ከዋናው ሐይቅ ነው የሚመጣው። ሰኒ፣ ይከብዳል።»

ብዙም ሳይቆይ የድስት ክዳን ያልኩት ውሃ ጠቆረና ተሸበሸበ። ሰማዩ ዳመነ። ንፋሱ ደረቴን በእጅ እንደሚገፋ ሰው ያዘኝ። ማርሹን ቀነስኩ፤ ግን አሁንም ይከብዳል። በዚህ መሃል ከድንጋይ ካባው የሚመጡ ከባድ መኪናዎች ያልፉን ጀመር።

«ሐዲድ ይመጣል» አለኝ። «መንገዱን አግድም ሳይሆን ሰያፍ ነው የሚቆርጠው። ስትደርሺ ሰፋ አድርገሽ ዙሪና ቀጥ ብለሽ እለፊው። አለዚያ ጎማውን ይይዘዋል።»

ገባኝ። ሐዲዱን አየሁት። ሰፋ አድርጌ ለመዞር ወደ መሃል ስወጣ ግን ድንጋይ የጫነ መኪና ከኋላ ጡሩንባውን አምባረቀብኝ። ደንግጬ ወደ ዳር ተመለስኩ። የፊቱ ጎማ ሐዲዱ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጉልበቴ ከአስፋልቱ ጋር ሲጋጭ የሰማሁትን ድምፅ ነው።

መኪናው አልቆመም። ጸጥ አለ። ከዚያ የጌትዬ ድምፅ መጣ፦ «ሰናይት! ሰናይት!»

እሱ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ወድቋል። እኔ ትንፋሼ ተቆርጦ መመለስ አቃተኝ። በአራት እግሩ ሆኖ፣ ጠጠሩን በእጁ እየዳሰሰ ወደ እኔ መጣ። የዳሰሰው መጀመሪያ ጫማዬን ነው፤ ከዚያ ትከሻዬን፣ ከዚያ ፊቴን።

«ራስሽን መትቶሻል?»

«አይ። ጉልበቴን።»

«ከመንገዱ እንውጣ። ክንዴን ያዢ።» አነሳኝ። እኔ ሰው የማነሳው ሴት፣ ተነሳሁ። ሣሩ ላይ አስቀመጠኝና ጉልበቴን በጣቱ ዳበሰው። ሱሪዬ ተቀዷል፤ ደም አለ። እግሬ ይታጠፋል፣ ግን ሲታጠፍ ሕመሙ እስከ አናቴ ይወጣል።

«አልተሰበረም» አለ። «ብስክሌቱ የት ነው?»

መራሁት። ተንበርክኮ ሁለመናውን በእጁ መረመረ፤ ቸርኬውን አሽከረከረ፣ መሪውን አቃና። ካቴናው ወጥቶ ነበር። በጥቁር ቅባት እጁን እየነከረ ቀስ ብሎ ጥርሱ ላይ መለሰው። ፔዳሉን በእጁ አዙሮ አዳመጠው። «ደህና ነው» አለ።

እኔ ግን ደህና አልነበርኩም። ሣሩ ላይ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ያለቀስኩት ለጉልበቴ አልነበረም። በቃ አለቀ ብዬ ነው። ወደዚያ ሶፋ ልንመለስ ነው ብዬ ነው።

በዚያው ሰዓት አንድ ፒክአፕ መኪና አልፎን ሄደና ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ነጭ ጸጉሯን ጠቅልላ ያሰረች ፈረንጅ ሴትዮ ወረደች። ጭነቱ ባዶ የፍራፍሬ ሣጥን ነው።

«የኔ እመቤት፣ ተጎዳሽ?» አለችኝ። ጉልበቴን አየች። «ሁለታችሁንም ወደምትሄዱበት አደርሳችኋለሁ። ብስክሌቱ ኋላ ይገባል።» ከዚያ ጌትዬን አየችው፤ ዓይኑን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱ መኪና ላይ መውጣት ይችላል? እርዳታ ይፈልጋል?» አለችኝ።

ጌትዬ አጠገቧ ቆሟል። ይሰማል። እንግሊዝኛውም ከእኔ የተሻለ ነው። ግን እንደለመደው እኔ እስክመልስለት ጠበቀ። ፊቱን አየሁት። ያ የሶፋው ፊት እየተመለሰ ነበር።

አፌን ከፍቼ ነበር። «አዎ፣ ይችላል፣ አመሰግናለሁ» ልል ነበር። ምላሴ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው።

«ራሱን ይጠይቁት» አልኳት።

ሴትዮዋ ቀላች። ቆንጆ ልብ ያላት ሰው ነች፤ ወዲያው ወደ እሱ ዞራ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ ጌታዬ። ልወስዳችሁ?» አለችው።

ጌትዬ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዞረ። ንፋሱ ሸሚዙን ያርገበግበዋል። ከዚያ በአማርኛ፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጉልበትሽ መርገጥ ይችላል? እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ።

«አይችልም» አልኩት።

«መሪ መያዝስ? ፍሬን መያዝስ?»

«እጄ ደህና ነው።»

«እንግዲያው አንቺ መሪውን ያዢ። መርገጡን ለኔ ተይው።»

«ጌትዬ፣ ንፋሱን አላየኸውም?»

«አላየሁትም» አለና ፈገግ አለ። «ሁለታችንን ይዤ እደርሳለሁ። ካልፈለግሽ ግን እንጫን። ምርጫው የሁለታችን ነው፤ የተጎዳሽው አንቺ ነሽ።»

ምርጫው የሁለታችን ነው! ይህን ቃል ከአፉ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር? በአንድ እግሬ እያነከስኩ ተነሳሁ። ሴትዮዋን አመሰገንናት። አሰበችና፣ «ከነዚህ ከባድ መኪናዎች ብቻ ልከልላችሁ» ብላ መኪናዋ ገባች። መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች ከኋላችን በቀስታ ትከተል ጀመር።

ታንደም ላይ የሁለቱ ሰው ፔዳል በካቴና የተያያዘ ነው፤ አንዱ ሲረግጥ የሌላውም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ የታመመውን እግሬን ከፔዳሉ አውጥቼ ወደ ጎን ዘረጋሁት። በሌላው ትንሽ ትንሽ አግዘዋለሁ፤ የሚገፋው ግን እሱ ነው።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከኋላዬ ትንፋሹን እሰማለሁ፤ እንደ ወናፍ ይወጣል ይገባል። ንፋሱ ሲበረታ ብስክሌቱ ሊቆም ይደርሳል፤ ከዚያ ከሥሬ የሆነ ጉልበት ይመጣና እንደገና ይገፋኛል። «ቀጥ አድርገሽ ያዢ» ይለኛል። «ወደ ግራ አትዋዥቂ። ምን ይታያል?»

«ቤቶች። ጀልባ የታሰረበት ወደብ። ፖም የሚሸጥበት ዳስ።»

«ዳሱ አሁንም አለ?» ይላል እያለከለከ። «ቀጥዪ።»

አንድ ቦታ ላይ ዝግ አለና የቆየ መዝሙር በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረ። በቸርች ዙም ላይ አፉን ከፍቶ ያልዘመረ ሰው፣ ንፋስ መሃል ዘመረ። እኔም ተቀበልኩት። ከኋላችን ያለችው ሴትዮ ያበድን ሳይመስላት አልቀረም።

ሐይቁ ዳር ያለችው ትንሽ ከተማ ስንገባ ሴትዮዋ ጡሩንባዋን ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጋ ነፍታ ታጥፋ ሄደች። ጌትዬ እጁን አወዛወዘላት፤ አሁን በትክክለኛው አቅጣጫ። ከዚያ ዛፎቹ ተከፈቱ፤ ነጩ ማማ ከነቀይ አናቱ ብቅ አለ።

«ጌትዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «ማማው! አየሁት!»

«ዝም በይና ንጂ» አለኝ፤ ፔዳሉን ግን ከበፊቱ አበርትቶ ረገጠ።

ርብቃ ከሩቅ ስታየን ሮጣ መጣች። የተቀደደውን ሱሪዬን፣ ደሙን፣ የአባቷን ጥቁር ቅባት የነካ ፊት ስታይ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኦ ማይ ጋድ! ዋት ሃፕንድ? ዋይ ዲድንት ዩ ኮል ሚ?»

ጌትዬ ከብስክሌቱ ወርዶ ቀበቶውን አጠበቀ። «ለምን ኮል እናደርጋለን?» አላት። «እየመጣን ነበር እኮ።»

ከዚያ፣ «ማማው የት ነው?» አለን። አቅጣጫውን በቃል ነገርኩት፤ እጁን አልያዝኩትም። በዝግታ፣ መሬቱን በእግሩ እየዳሰሰ ሄደና ግድግዳውን በሁለት መዳፉ ነካው። ረጅም ሰዓት እንዲያ ቆመ። ውሃው ከታች ዓለቱን ይመታል። ርብቃ ልትደግፈው ስትነሳ እጇን ያዝኳት። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ይህን ሰው አግብቼዋለሁ ብዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ።

በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ስልክ አንስቶ የዓይነ ስውራን ሥልጠና ማዕከል ደወለ። ነጩን በትር ይዞ መሄድ ሲማር ከግድግዳ ጋር ተጋጨ፣ ተናደደ፣ ተመልሶ ወጣ። አሁን አውቶቡስ ተሳፍሮ ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ድረስ ብቻውን ይሄዳል፤ በዚያ አካባቢ ስልክ የሚመልስበት ሥራም አግኝቷል። እኔም ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ተውኩ። ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል፤ አንዳንዴ ቁልፉን ያዛንፋል፤ እኔም ካልጠየቀኝ አልናገርም።

ቸርች በአካል ሲከፈት ምስክርነት አለኝ ብሎ መድረክ ላይ ወጣ። ምእመናኑ ዓይኑ የተፈወሰ መስሏቸው ገና ሳይናገር እልል ሊሉ ተዘጋጁ። ማይኩን ያዘና፣ «ዓይኔ አልበራም» አለ። «ጸልዩልኝ፤ አትተዉ። ግን ዛሬ ምስጋና ያመጣሁት በሌላ ነው። እግዚአብሔር ጉልበት ሰጥቶኝ የተጎዳች ሚስቴን ከነፋስ መሃል ይዤ ወጥቻለሁ።» አንዲት እናት ከኋላ ወንበር እልልታውን አቀለጠችው። ከዚያ ማን ሊያቆመው?

አሁን ብዙ ሰው፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ብስክሌቱን እንዴት እንደተማርኩ ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ፤ ደግሞም አልደብቅም፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የምነግራቸው። በ2022 ሰመር የሰሜኑንም ጎን፣ ዋናውን ሐይቅ ይዘን የባሕረ ገቡን መሬት ሙሉ ዙር ዞረናል። ሐዲዱንም ሰፋ አድርጌ ዞሬ፣ ቀጥ ብዬ አልፌዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ምናልባት ቤታችሁ የምታስታምሙት ሰው ይኖር ይሆናል። ማጉረሱን፣ ማልበሱን እኔ አልነቅፍም፤ እንጀራዬም እሱው ነው። ግን ያ ሰው እናንተን የሚፈልጋችሁን ያህል እናንተም እሱን የምትፈልጉበት አንድ ቦታ አይጠፋም። ፈልጉት። እኔ ያንን ቦታ ያገኘሁት ከሐዲድ ላይ ወድቄ፣ ጉልበቴ ደምቶ ነው። እናንተ ሳትወድቁ ብታገኙት ደስ ይለኛል፤ ብትወድቁም ግን ቶሎ እጃችሁን አትስጡ፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ገና አታውቁም።